ሠላሳኛዋ ተማሪ

ሬጅስትራሯ በጓሮ በኩል ባለው ደረጃ ስትወርድ ማህተሙ ቦርሳዋ ውስጥ ከቤት ቁልፏ ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ይላል። በዚህ ደረጃ የሚመላለሱት የጽዳት ሠራተኞችና ክፍል አቋርጠው የሚወጡ ተማሪዎች ናቸው። እሷ እዚህ ኮሌጅ ውስጥ ፀጉሯ እስኪሸብት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም። አሁን ግን የጫማዋ ተረከዝ እንዳይሰማ በጣቶቿ እየረገጠች፣ በአንድ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ በሌላው ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትወርዳለች። «ወይ ጉድ! በዚህ ዕድሜዬ ድብብቆሽ!» አለች በሆዷ።

የምትደበቀው ከአንዲት ልጅ ነው። ተማሪዎቹ «ቀጭኗ» ይሏታል። ቀጭኗ ከጠዋት ጀምሮ ከሬጅስትራሯ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ክላሰሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። ክላሰሩ ውስጥ ያለው መልቀቂያዋ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ፈርሞላታል፣ ላቦራቶሪው ፈርሞላታል፣ ትራስ ጎደለ ብሎ ሰው የሚያስለቅሰው የመኝታ ቤቱ ኃላፊ እንኳ ሳይቀር ፈርሞላታል። የቀራት የሬጅስትራር ማህተም ብቻ ነው። በሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ ወጪዋንም ሙሉ በሙሉ ሊችልላት ነው። ምዝገባው የሚያበቃው ግን ነገ ጠዋት ነው፤ ያለ መልቀቂያ አይመዘግቧትም፤ ወደዚያ የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ይነሳል።

ማህተም መምታት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ችግሩ ቀኑ ነው። ዛሬ የቆጠራ ቀን ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቆጠራው ቀን አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ኮሌጁ አምና ከተቀበላቸው ተማሪዎች ውስጥ ስንቱ ዘንድሮ ተመልሶ እንደተመዘገበ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል። የቆይታ ምጣኔ ይሉታል። ሰዓቱ ካለፈ ኮምፒውተሩ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ቢሄድ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ማን ለምን እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። የተሻለ ቦታ አግኝቶ የሄደውም፣ ተስፋ ቆርጦ የሄደውም በምጣኔው ፊት እኩል ጎደሎ ናቸው። የሞተ ይሻላል፤ የሞተ ከገቡትም ከቀሩትም ላይ ስለሚሰረዝ ጉዳቱ ያንሳል። ሬጅስትራሯ ይህን ደንብ ለአዳዲስ ሠራተኞች ስታስረዳ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁሉም ይስቃሉ፤ እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር።

የመሬት ቅየሳ ትምህርት ክፍል አምና አርባ ተማሪ ተቀብሏል። እንዳይዘጋ ሠላሳው መመለስ አለባቸው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዚያ በታች ስለወረደ፣ ዘንድሮም ቢወርድ አዲስ ተማሪ እንዳይቀበል ይታገዳል፣ መምህራኑም ይሰናበታሉ። ዛሬ ጠዋት ስትቆጥር ልክ ሠላሳ ሆኑላት። ደስ ብሏት ስሞቹን አንድ በአንድ ስታይ ሠላሳኛዋ ቀጭኗ ሆና አገኘቻት። የዚያ ክፍል መምህር ደግሞ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው።

ከዚያ ዲኑ መጣ። ዲኑ ሰው ቢሮ አይሄድም፤ ሰው ነው እሱ ዘንድ የሚሄደው። ገባና በሩን በጀርባው ገፍቶ ዘጋው።

«እትዬ፣» አላት። በዕድሜ ስለምትበልጠው፣ ነገር ሲቸግረው ብቻ እንዲህ ይላታል። «ፊትዎ ልክ አይደለም ዛሬ። አሞዎታል እንዴ?»

«እኔ? ኧረ ምንም አልሆንኩም።»

«አሞዎታል እንጂ። ከምሳ በኋላ ቤትዎ ሄደው ይረፉ። ማህተሙም የማንም መጫወቻ እንዳይሆን ይዘውት ይሂዱ። ልጅቱን ነገ ጠዋት ያስተናግዷታል። አልከለከልናት፣ አልዋሸናት። አሞዎታል፣ በቃ።» በሩን ከፍቶ ሊወጣ ሲል ዘወር አለ። «ለካ ወንድምዎ ሦስተኛ ልጅ ሊያገኝ ነው! እንኳን ደስ ያላችሁ።»

እንኳን ደስ ያላችሁ ሲባል ዛቻ የሰማ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም። ወንድሟ አፉን ገና በወጉ ሳይፈታ ነው እናታቸው የሞተችው። አዝላ ያሳደገችው፣ ፊደል ያስቆጠረችው፣ ያስመረቀችው እሷ ናት። ሳታገባ የቀረችው በእሱ ምክንያት ነው ይሏታል ሰዎች፤ እሷ ደግሞ «ኤዲያ! ማን ጠይቆኝ!» እያለች ታስቃቸዋለች። እና ማህተሙን ከነቀለሙ ከመሳቢያው አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከተው ብዙም አላሰበችበትም። እጇ ለወንድሟ ነገር ሳያስብ መሥራት የለመደ እጅ ነው።

ከግቢው እንደወጣች መንገዱን ተሻግራ ታክሲ ልትይዝ ስትል ዘወር ብላ አየች። ቀጭኗ ዋናውን ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች እየወረደች ነው። ክላሰሯ እጇ ላይ አለ። ዙሪያዋን ታማትራለች። ሬጅስትራሯ ክው አለች፤ ወዲያው ፊቷ ወዳገኘችው በር ዘው ብላ ገባች።

የገባችው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሁለት ማሽን ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት፤ አንደኛው ማሽን ከተበላሸ ስለቆየ አንሶላ ለብሷል። የሞቀ ወረቀት ይሸታል። ኮፒ አንሺዋ ወጣት ናት፤ ፀጉሯን በሻሽ ሸብ አድርጋ፣ ጣቷ ላይ ወረቀት መግለጫ ላስቲክ አጥልቃ ቆማለች።

«ይግቡ እትዬ። ምን ላንሳልዎት?»

«ምንም። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው። አሞኛል።»

ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እውነት መሰላት። ኮፒ አንሺዋ በርጩማ አቀረበችላት፤ ሬጅስትራሯም ማሽኑ ከመንገድ እንዲሸፍናት ጥግ ይዛ ተቀመጠች። በመስታወቱ በር በኩል ቀጭኗ ወደ ጥበቃው ቤት ስትሮጥ ታየቻት።

«ያቺ ልጅ እርስዎን ነው የምትፈልገው፣» አለች ኮፒ አንሺዋ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። «ጠዋት መልቀቂያዋን ሦስት ቦታ አነሳሁላት። ሦስቱም ላይ ማህተም ያስፈልጋል አለችኝ፤ አውቃለሁ አልኳት።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«የኔም ሦስት ነበራ።»

ሬጅስትራሯ ቀና ብላ አየቻት። ጠይም ፊት፣ ግንባሯ ላይ ትንሽዬ ጠባሳ። ይቺን ልጅ በየቀኑ ስታልፍ ስታገድም ታያታለች፤ ከዚህ መስታወት ጀርባ እንጂ ሌላ ቦታ ያየቻት ግን አይመስላትም።

«እዚህ ተምረሻል?»

«ቅየሳ። አምና ገብቼ አምና ወጣሁ።»

«ያስወጣሁሽ… ማለቴ፣ ማህተም የመታሁልሽ እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን አለ?» ልጅቷ ወረቀቶቹን አስተካክላ ገጨት ገጨት አደረገቻቸው። «ወዲያው ነው የመቱልኝ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ስልክ እያወሩ ስለነበር ቀና አላሉም። እኔ ደግሞ ትንሽ በር ላይ ቆምኩ። ለምን ትሄጃለሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም ብዬ።» ሳቅ አለች። «ሞኝነቴ! ያን ቀን ማህተሙ አልተሰወረም፣ እርስዎንም አላመመዎትም። የቆጠራ ቀን አልነበረማ።»

ሬጅስትራሯ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። «ስለ ቆጠራው ማን ነገረሽ?»

«የዲኑ ሪፖርት የሚባዛው እዚህ ነው። እኔ ደግሞ ሳላነብ አላነሳም፤ ክፉ ልማድ አለብኝ።»

ማሽኑ ያንሾካሹካል። ሬጅስትራሯ ልትወጣ ከበርጩማው ተነሳች፤ መልሳ ተቀመጠች። አምና ከቅየሳ የወጡትን አስሩን ሁሉ መዝገባቸው ላይ «በራሱ ፈቃድ»፣ «በራሷ ፈቃድ» እያለች የሞላችው እሷ ናት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል። ከአስሩ አንዱን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

«ለምን ነበር የሄድሽው?» አለቻት።

«አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»

«አዎ፣ አሁን ነው። አፍሬ ነው የምጠይቅሽ።»

ልጅቷ ማሽኑን አቆመችው። እናቷ ሆስፒታል ገብታ ነበር፤ አስታማሚ እሷ ብቻ ነበረች። የሜዳው ፈተና በዚያው መሃል አለፋት። የሐኪም ወረቀት ይዛ ሄደች። መምህሩ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «የሜዳ ፈተና አይደገምም፤ ለአንድ ሰው ብዬ መሣሪያ ሁሉ አላወጣም» አላት። ትምህርቱ በዓመት አንዴ ብቻ ስለሚሰጥ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ልትል ሆነ፤ ቁጭ ብላ የሚያበላት ደግሞ አልነበራትም።

«እናትሽስ?»

«እናቴማ ተሽሏታል። ተመስገን ነው። እኔ ነኝ እዚሁ የቀረሁት።»

ሬጅስትራሯ ቀጥሎ የሚመጣውን ብታውቀውም ጠየቀች። «መምህሩ ማን ነበር?»

«ወንድምዎ ነዋ። ፈተናውን ሁልጊዜ እኔው ነኝ የማባዛለት። ‹ቶሎ በይ እህቴ፣ ተማሪ እየጠበቀኝ ነው› ይለኛል። አላወቀኝም። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።» እንደገና ማሽኑን አስነሳችው። ድምፅዋ ግን ለመልመዷ አልመሰከረም፤ ቀጥኖ ነበር።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል። ሬጅስትራሯ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በጨርቁ ላይ ማህተሙን ደባበሰችው። የወንድሟ ሚስት ወሯ ገብቷል። ቤቱ የኪራይ ነው። እሱ ከቅየሳ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውም፤ ሲከፋው እንደ ልጅነቱ ታችኛ ከንፈሩን የሚነክሳት ነገር አለችው፤ ያቺ ፊት ከዓይኗ አልሄድ አለቻት። «ምን አገባኝ፣ የሰው ልጅ ትሂድ ትቅር ምን አገባኝ!» ልትል ሞከረች። አልሆነላትም። ተነሳችና በሩን ከፈተች።

ቀጭኗ ጥበቃው ቤት መስኮት ሥር ቆማ አገኘቻት። ልጅቷ እያለቀሰች አይደለም፤ ከማልቀስ አልፋ ደርቃለች። ጥበቃው «አሟቸው ሄደዋል አሉኝ እኮ የኔ ልጅ፣ እኔ ምን ላድርግሽ» ይላታል።

«ነይ፣» አለች ሬጅስትራሯ። «አምጪው።»

እዚያው መስኮቱ ደፍ ላይ ሦስቱን ወረቀት ዘረጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበቻቸው። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየች፤ ያላበው ግንባር፣ የደረቀ ከንፈር፣ ገና ልጅ የሆነ ፊት። ሦስት ጊዜ መታች። አንደኛው ትንሽ ተንጋደደ።

«ስትደርሺ ደውዪልኝ። ሰምተሻል? እንዳትረሺ።»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሬጅስትራሯን እጅ ሳመችና ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ጥበቃው ሁለቱንም አፈራርቆ አየ።

«እትዬ፣ ዳኑ እንዴ?»

«ድኛለሁ፣» አለችው።

በፊት ለፊቱ ደረጃ ወጣች። ኮምፒውተሯን ከፍታ የቀጭኗን መልቀቅ መዘገበች፤ ሠላሳው ሃያ ዘጠኝ ሆነ። ገና ከወንበሯ ሳትነሳ በሩ ተንኳኳና ወንድሟ ገባ። ሸሚዙ ላይ የኖራ ብናኝ አለ፤ ከሜዳ ልምምድ ነው የመጣው።

«እታለም! አሟት ሄዳለች አላሉኝም እንዴ?» ፊቱ ፈገግ ያለ ነው። ዲኑ ነግሮታል ማለት ነው። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ማህተሙን መታሁላት።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ እንዳልሰማ ሰው ትንሽ ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እንግዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ሠላሳኛዋን?»

«ሠላሳኛዋን።»

«እታለም…» ታችኛ ከንፈሩን ነከሰ። «ምነው? ምን አደረግኩሽ? አንድ ሌሊት እኮ ነው! አንድ ሌሊት ብትዘገይ ምን ትሆናለች? እኔ ልጆቼን ይዤ የት ልግባ? እናት የሆንሽኝ አንቺ ነሽ። እናት በልጇ እንዲህ ታደርጋለች?»

ይህን ይላል ብላ አልጠበቀችም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በመዳፏ ጠረገችውና ጠረጴዛው ላይ እጇን አሳረፈች። «እናት አትቆጣም መሰለህ? ቆይ። ወረቀት የምታባዛልህን ልጅ ታውቃታለህ?»

«የቱን ልጅ?»

«ማዶ ያለችውን። ፎቶ ኮፒ ቤት።»

«አሃ፣ ፈጣኗን! ጎበዝ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ምን አገናኛት?»

«ስሟ ማነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ተማሪህ ነበረች። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ የሜዳ ፈተና ያለፋት።»

ወንድሟ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ከመንገዱ ማዶ የኮፒ ቤቱ መስታወት ይታያል። «ወረቀቷ ትዝ ይለኛል፣» አለ። «ሰማያዊ ማህተም ነበረው። ፊቷን… እታለም፣ ፊቷን አላስታውሰውም። ትናንት እኮ ከእሷ ጋር ስቀልድ ነበር!»

«ከወጣ ዓመት ያልሞላው ተማሪ መምህሩ ፈተናውን እሰጣለሁ ብሎ ከፈረመ ይመለሳል። አንተ ትፈርማለህ፣ እሷ እሺ ካለች እኔ እስከ አስራ አንድ እመዘግባታለሁ። ደንቡ ይፈቅዳል።» የመመለሻ ፎርም ከመሳቢያው አወጣች። «ያኔም ይፈቅድ ነበር። አንተም አልጠየቅክ፣ እኔም አልነገርኳት።»

«ታዲያ ሄደሽ ጥሪያት። አንቺን ትሰማለች።»

«እኔን በምን ዕዳዋ ትሰማኛለች? ሂድ፣ አንተ ነህ የምትሄደው።»

«ምን ብዬ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ለቁጥር አይደለም ብለህ እንዳትዋሻት። ሪፖርቱን ሁሉ አንብባዋለች።»

ፎርሙን ከእጇ ተቀብሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ እርምጃው መጀመሪያ ፈጠነ፣ ከዚያ ደረጃው ጋ ሲደርስ ቀዘቀዘ።

ሬጅስትራሯ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። መንገዱን ሲሻገር መኪና ጡሩንባ ነፋበት፤ ዘወር አላለም። ኮፒ ቤቱ በተማሪ ተሞልቷል። ወንድሟ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰው አልፎ ወደ ባንኮኒው አልሄደም፤ ከመጨረሻው ተማሪ ኋላ ተሰልፎ ቆመ። ልጅቷ አየችው። እጇ ሥራውን አላቆመም። አንዱን አስተናገደች፣ ሌላዋን አስተናገደች። ተራው ሲደርስ ፎርሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ተናገረ። አጭር ነገር አልነበረም፤ እጁ ሲወራጭ፣ ቆይቶም ሲወርድ ይታያል። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታው የተበላሸውን ማሽን አንሶላ ታስተካክላለች። የተስተካከለውን መልሳ ታስተካክለዋለች።

«ዘወር በዪለት፣» አለች ሬጅስትራሯ። «ወይ ስደቢው። በሞቴ፣ አንድ ነገር በዪው።»

ስልኩ ጮኸ። ዲኑ ነው።

«እትዬ! እዚያው ነዎት ለካ! ጤናዎ እንዴት ነው? እንግዲህ የቅየሳን ቁጥር ልልክ ነው፤ ሠላሳ አይደል?»

«አይደለም።»

ቀጥሎ የመጣው ድምፅ «እትዬ» አላላትም። «ምን ማለት ነው አይደለም? ስንት ነው?»

መንገዱ ማዶ ልጅቷ ተማሪዎቹን በእጇ ምልክት አስወጣቻቸው። በር ላይ መጥታ የብረት መዝጊያውን ከላይ ይዛ ጎተተችው። መዝጊያው ወረደ፣ ወረደ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከሥሩ ሁለት ጥንድ ጫማ ይታያል፤ ኖራ የነካው የወንድ ጫማና ክፍት የሴት ነጠላ ጫማ። ፊት ለፊት ቆመዋል። ከሁለቱ አንዱም አይንቀሳቀስም።

«ስንት ነው እኮ ነው የምልሽ? አስራ አንድ ሊሞላ ነው!»

«ገና ነው፣» አለች ሬጅስትራሯ ዓይኗን ከጫማዎቹ ሳታነሳ። «አልጨረስኩም። ሰው እየጠበቅኩ ነው።»

ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሃል አጣብቃ፣ በነፃ እጇ የማህተሙን ቀለም ክዳን ከፈተች።